ሆድ ሲያውቅ፦ ሰውነትና ስሜት በጣና ዳር

ባለፈው ኅዳር አክስቴን ከዘጌ አምጥቼ ባሕር ዳር ውስጥ ወደ አንድ ክሊኒክ ይዣት ሄድሁ። ሁለት ወር ያህል እህል አልወርድ ብሏታል፤ ሌሊት ትነቃለች፣ ከነቃች በኋላ እንቅልፍ የለም። ወጣቱ ሐኪም በአክብሮት አስቀመጣትና «እማማ፣ የት ላይ ነው የሚያምዎት?» ሲል ጠየቃት። እጇን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ከደረቷ በታች እስከ መቀነቷ ድረስ ቀስ ብላ ዳሰሰችና «ሆዴን ነው ልጄ» አለች።

«ያቃጥልዎታል? ይቆርጥዎታል?»

«ኧረ አይቆርጠኝም። ይላወሳል እንጂ።»

ሰገራ ተመረመረ፣ ደም ተወሰደ፣ አልትራሳውንድ ታየ። የተገኘ ነገር የለም። የጨጓራ መድኃኒት ታዘዘላትና ወጣን። በባጃጅ ስንመለስ የመንገዱን ዘንባባ እያየች ብዙ ዝም ካለች በኋላ «እኔ መች ጨጓራዬን አልሁት?» አለችኝ።

ሐኪሙን አልወቅሰውም። እሱም አፉን የፈታው በአማርኛ ነው። እናቱ ስልክ ደውላ «ሆዴ ተላወሰ» ብትለው ምን ማለቷ እንደሆነ ሳትጨርስ ይገባው ነበር። ነጭ ጋውን ለብሶ ከጠረጴዛው ማዶ ሲቀመጥ ግን ያው ቃል ጠበበበት፤ ሆድ ማለት ጨጓራና አንጀት የያዘ ከረጢት ብቻ ሆነ። ላብራራ የምፈልገው ይህንን ነው፦ ሰውነታችን ከሥጋና ከአጥንት ሌላ ከትርጉምም የተሠራ መሆኑን፣ ያን ትርጉም ያልሰማ ሰውም ሕመሙን ሊስተው እንደሚችል።

ጨጓራ በባሕር ዳርም በቶኪዮም ያው ጨጓራ ነው። የሚለያየው ለየትኛው የአካል ክፍል የትኛውን ሥራ እንደምንሰጥ ነው። ሐዘን የት ይቀመጣል? ምስጢርስ? እውነት የሚነግረን ዓይን ነው ወይስ ጆሮ? እነዚህን ጥያቄዎች እያንዳንዱ ሕዝብ ለልጆቹ መልሶ ያሳድጋቸዋል፤ የሚመልሰው ግን በንግግር ሳይሆን በልማድ ነው። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1934 ባቀረበው ንግግር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ያየውን አንድ ነገር ተርኳል። የእንግሊዝ ወታደሮች በፈረንሳይ አካፋ መቆፈር አቅቷቸው ነበር፤ በዚህም ምክንያት አንዱ አገር ክፍለ ጦር ሌላውን ሲተካ 8,000 አካፋ መቀየር ግድ ይል ነበር። እጅ ያው እጅ ነው። ግን የአንዱ እጅ መቆፈር የተማረው በሌላ መንገድ ነው።

እዚህ ጣና ዳር ሕፃን ገና ሲቆም «በሁለት እጅህ ተቀበል» ይባላል። አደግ ሲል ለትልቅ ሰው ውሃ ሲያቀብል ቀኝ እጁን ዘርግቶ በግራው ክርኑን ይደግፋል። ለምን እንደሚደግፍ ማንም ቁጭ አድርጎ አስረድቶት አያውቅም፤ አክብሮትን ክርኑ ራሱ ለምዶታል። ለቀኝና ለግራ የሰጠነው ቦታም እንዲሁ ነው። ማለዳ ተነሥተን «ቀኝ አውለኝ» ብለን እንጸልያለን፤ ነገሩ ሲምታታብን ደግሞ «ግራ ገባኝ» እንላለን።

ወደ ሆድ ልመለስ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነውና። በአማርኛ ሆድ የምግብ ማደሪያ ብቻ አይደለም። ሆድ ያውቃል፦ «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ»። ሆድ ይደብቃል፦ «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል»። ታጋሹ ሰው ሆደ ሰፊ ነው፣ እንባው ቅርብ የሆነው ሆደ ቡቡ፣ በትንሽ ነገር የሚከፋው ሆደ ባሻ። የተቀያየሙ ወዳጆች ሆድና ጀርባ ይሆናሉ። ሊነገር የማይችል በደል ሲደርስ «ሆድ ይፍጀው» ተብሎ ይታለፋል፤ ይህ አባባል ሆድን እንደ ምድጃ ያያል፤ የገባበትን ነገር ቀስ በቀስ የሚያነድ፣ ከውጭ ጭሱ የማይታይ ምድጃ።

አንጀት ከሆድ ይጠልቃል። አሳዛኝ ሰው ስናይ «አንጀቴን በላው» እንላለን፤ ደስታው ሲበዛ «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ»። ከልብ ያዘነ ሰው ከአንጀቱ ያለቅሳል። ለማስመሰል የሚደረገውን ፍቅር ደግሞ ምን ብለን እንደምንጠራው አስቡት፦ «ከአንገት በላይ»። ለእኔ ከአማርኛ የሰውነት አባባሎች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። ፊት፣ አፍ፣ ዓይን፣ ፈገግታ፣ ሰው የሚያየው ሁሉ ያለው ከአንገት በላይ ነው፤ እውነት ግን የምትኖረው ከአንገት በታች ነው። አክስቴ እጇን በሆዷ ላይ ስታሳርፍ ለሐኪሙ የነገረችው ይህንን ነበር፦ ይህ ከአንገት በላይ አይደለም።

ልብ ደግሞስ? ለእኛ ልብ የፍቅር ብቻ ሳይሆን የማሰብም ቦታ ነው። «ልብ አድርግ» ማለት አስተውል ማለት ነው። የተፈጠረ ታሪክ «ልብ ወለድ» ነው፤ የወለደው ጭንቅላት አይደለም። ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው «ልቡን ሳተ» ይባላል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሰው ከሰባት ባሕርያት ተፈጠረ ብለው ሲያስተምሩ አራቱን ለሥጋ ይሰጣሉ፣ እነሱም መሬት፣ ውሃ፣ ነፋስና እሳት ናቸው። ሦስቱ የነፍስ ናቸው፦ ልብ፣ ቃልና ሕይወት። ልብ የሚሉት ማሰብን ነው። እንዲህ ያለው አሳብ በእኛ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ከዚሁ ከጣና የሚወጣው ዓባይ በሚደርስበት በግብፅ የጥንቶቹ ሰዎች አስከሬን ሲያደርቁ አንጎሉን በአፍንጫ በኩል አውጥተው ይጥሉ፣ ልብን ግን በቦታው ይተዉት ነበር። በየቤቱ የሚደገመው ዳዊት እግዚአብሔርን «ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር» ይለዋል። ጃፓኖች «ሐራ» የሚሉት ሆድም የሰው ቁርጠኝነትና እውነተኛ አሳብ ማደሪያ ነው።

እዚህ ላይ ሐኪሞች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። ብዙ የእኛ አገር ሰው «ልቤን ያቃጥለኛል» ሲል እጁ የሚያርፈው ከደረቱ አጥንት በታች፣ ጨጓራው ላይ ነው። ሌላው «ሆዴን» ሲል የሚናገረው ስለ ሐዘኑ ነው። ስለዚህ ከቃሉ ጋር እጁን ማየት፣ ከእጁም ጋር ኑሮውን መጠየቅ ያስፈልጋል። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አርተር ክላይንማን በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ስለ ቻይና ሕሙማን ያሳተመው ጥናት በዚህ የታወቀ ነው። በሁናን ግዛት ያገኛቸው ሰዎች የሚያማርሩት ከራስ ምታት፣ ከእንቅልፍ እጦትና ከድካም ነበር፤ አብዛኞቹ ግን ሲመረመሩ ድብርት ያለባቸው ሆነው ተገኙ። አልዋሹም። ሐዘን በአገራቸው የሚናገርበት አፍ ሥጋ ስለነበረ ነው።

«ሆዴ ተላወሰ» ዘይቤ ብቻ ነው ብሎ ማለፍም ልክ አይደለም። በሆድ ዕቃ ግድግዳ ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት አሉ፤ ከአንጎል ጋር በረጅም ነርቭ ተያይዘው መልእክት ይለዋወጣሉ። ስንደነግጥ ሆዳችን የሚሸበረው፣ ስናዝን እህል የማይወርደው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን የምጠቅሰው አባባሉ ሳይንስ ካልመሰከረለት ዋጋ የለውም ለማለት አይደለም። አያቶቻችን ማይክሮስኮፕ ሳይኖራቸው ሰውነታቸውን በጥሞና ያዳምጡ እንደነበር ለማሳየት ነው።

ማዳመጥ ካልሁ ዘንድ ስለ ስሜት ሕዋሳት ላንሣ። አምስት ናቸው ብለን የምንቆጥረው ከአርስቶትል በወረስነው መንገድ ነው። ቋንቋችን ግን የራሱ ሚዛን አለው። «ስሜት» የሚለው ቃል የመጣው «ሰማ» ከሚለው ግስ ነው። ብርድ ይሰማናል፣ ሕመም ይሰማናል፣ ደስታ ይሰማናል። ቆዳ የነካውም ልብ ያገኘውም በጆሮ ግስ ነው የሚነገረው። ለአማርኛ ጆሮ የሕዋሳት ሁሉ አባት ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። ምክንያቱንም በዚህ አካባቢ ማየት ይቻላል። በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች ተማሪው ዜማውን የሚቀበለው ከየኔታ አፍ ነው፤ መጽሐፉ በኋላ ይመጣል። ዓይናቸው የማያይ ታላላቅ መምህራን የነበሩት፣ ዛሬም ያሉት፣ ትምህርቱ በጆሮና በቃል የቆመ በመሆኑ ነው። የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሊቃውንቱ «ጣዕመ ዜማ» ይሉታል። ዜማ ጣዕም አለው። ጆሮ ይቀምሳል።

ሌላው ዓለም ሌላ ሚዛን ያነሣል። በማሌዥያ ጫካ የሚኖሩት ጃሃይ የተባሉት ሕዝቦች ሽታን ብቻ የሚገልጹ ከአሥር በላይ የተለያዩ ቃላት አሏቸው፤ እኛ ቀለምን በቀላሉ እንደምንጠራው እነሱ ሽታን ይጠራሉ። የጋና አንሎ ኤዌዎች ደግሞ ሚዛን መጠበቅን፣ ማለትም ሳይወድቁ መቆምንና መራመድን፣ ከስሜት ሕዋሳት ይቆጥሩታል። ይህን ሳነብ የታየኝ የጣና ታንኳ ነበር። ታንኳ ከደረቀ ደንገል ተጠፍሮ የሚሠራ፣ ከውሃው ብዙም ከፍ የማይል ቀላል ነገር ነው። እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፈውን ሰው ልብ ብላችሁ እዩት። ማዕበል ከጎን ሲመጣ ዓይኑ ከፊቱ አይነሣም፤ ዳሌው ቀድሞ ያውቃል፣ ወገቡ ማዕበሉ ሳይደርስ ይዘነበላል። ሳይንስ ይህን የሚሠራው በውስጥ ጆሮ ያሉት፣ ፈሳሽ የሞላባቸው ሦስት ጠመዝማዛ ቦዮች ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ ነርቮች ጋር ተባብረው ነው ይላል። ቀዛፊው ስም አልሰጠውም። ግን ከአምስቱ የትኛው ነው ብንለው ምን ሊመልስልን ይችላል?

ለሽታ እኛም ድሆች አይደለንም። ይገማል፣ ይከረፋል፣ ይጠነባል፤ በሌላ በኩል መዓዛ አለ፣ ቤቱን የሚያውድ። በዘጌ ገበሬ በሬ ጠምዶ አያርስም፤ ቦታውን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም ምድሪቱ ሳትታረስ እንድታበላ ባርከዋታል ተብሎ ስለሚታመን ኑሮው ከቡናና ከጌሾ ጋር የተሳሰረ ነው። እዚያ ቡና ሲቆላ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ፍሬው በብረት ምጣዱ ላይ ከአረንጓዴ ወደ ቡኒ ይሄዳል፣ ከዚያ መንጣጣት ይጀምራል፣ ቅባቱ ወጥቶ ያብለጨልጫል። ቆይዋ ምጣዱን አንሥታ በእያንዳንዱ እንግዳ ፊት ታዞረዋለች፤ እንግዳውም ጭሱን በእጁ ወደ ፊቱ ይስባል። ያላሸተተ አልተጋበዘም። በኋላ የሙቀጫው ድምፅ ጎረቤት ይጠራል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይቀጥላል። መጠጡ ከሁሉ መጨረሻ የሚመጣ ነገር ነው፤ አፍንጫና ጆሮ ቀድመው ጠግበዋል።

ሽታ ግን ያሳምማልም። «ምች መታኝ» የሚል ሰው ከንፈሩ የቆሰለው ወይም ትኩሳት የያዘው ከፀሐይ ወይም ከሽታ የተነሣ ነው ብሎ ያምናል። አራስ ሴት ከፀሐይና ከሽታ የምትጠበቀው ምች እንዳይመታት ነው። መድኃኒቱም የሚመጣው በአፍንጫ በኩል ነው፦ ዳማከሴ በእጅ ይታሻል፣ ይሸተታል፣ ይቀባል። የሕክምና መጽሐፍ የከንፈሩን ቁስል በቫይረስ ያብራራዋል፤ እውነቱም እሱ ነው። ሆኖም «ምች የሚባል ነገር የለም» ተብላ የተመለሰች እናት ሁለተኛ ወደ ጤና ጣቢያው አትመጣም። ቅጠሉን ሳይነቅፉ ትኩሳቱን መለካት ይቻላል።

ከሽታ ቃሎች ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው «ጠረን» ነው። ጠረን ሽቶም ግማትም አይደለም፤ የአንድ ሰው ብቻ የሆነ፣ ሰውየው ከሄደም በኋላ በልብሱ የሚቀር ትንፋሽ ነው። ሕፃን እናቱን የሚለየው በጠረኗ ነው፤ ጥጃም እንዲሁ። አክስቴ ቤት መደቡ ላይ የታጠፈ ጋቢ አለ። ልጇ ለሥራ ርቆ ሲሄድ ትቶት የሄደው ነው። እኅቴ ልታጥበው ስታነሣው «ተይው» አለቻት፤ ምክንያት አልጨመረችም።

ስለ ዓይን መናገር ይከብደኛል፤ ምክንያቱም የሰውነት ትርጉም ሰውን ሊጎዳ እንደሚችል የሚያሳየው ዓይን ነው። ዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የገባ ሰው በመቅደሱ ዙሪያ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ የተሣሉትን ሥዕሎች ያያል። ቅዱሳኑ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ይመለከቱናል። ክፉዎቹ፣ ዲያብሎስም ገራፊዎቹም፣ በጎን የተሣሉ ናቸው፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ይህ የሠዓሊው አለመቻል ሳይሆን ሕግ ነው፦ ፊት ለፊት መታየት በረከት ነው፣ የክፉ ዓይን ደግሞ ከምእመኑ ዓይን ጋር እንዲገጥም አይፈለግም። በጣና ገዳማት ከሚሣሉት ታሪኮች አንዱ የበላዔ ሰብእ ነው፤ 78 ሰው የበላ አፍ፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው በሰጠው ጥርኝ ውሃ ሲድን። እጅ አፍን ሲያድን።

ያው የዓይን ትርጉም ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ «ቡዳ በላው» ይሆናል። እዩት ግሱን፦ ዓይን ይበላል። ድሮ ትልልቅ ሰዎች ሲበሉ በሸማ የሚጋረዱት ከበላተኛ ዓይን ለመዳን ነበር። ይህ ፍርሃት ደግሞ የሚያርፍበትን ሰው መረጠ፤ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ሸማኔውን፣ በእጃቸው አገር የሚያቆሙትን ሰዎች «ቡዳ» አላቸው። በጣና ዳር ታንኳ በመሥራት የታወቁት ነገደ ወይጦዎች የደረሰባቸውም ከዚህ አይርቅም። አባቶቻቸው ጉማሬ ያድኑና ይበሉ ስለነበር ጎረቤት ተጸየፋቸው፤ በአንድ ማዕድ አብሮ መቁረስ ቀረ፣ መጋባት ቀረ። መጸየፍ በአፍና በአፍንጫ የሚሰማ ስለሆነ ተፈጥሮ ይመስላል። የተፈጥሮ ሳይሆን የተማርነው ነው። ሕፃን ተጸይፎ አይወለድም፤ እናቱ ፊቷን ስታኮሳትር አይቶ ይማራል። ደንገሉን ሲያስር እጁን ሳያይ የሚጠፍረውን ሰው ቆሜ ተመልክቻለሁ፤ ያን እጅ ሳልጨብጥ ያደግሁባቸው ዓመታት ያሳፍሩኛል። ባህላችን ነው ብለን ልናቅፈው የማይገባ ነገር ካለ ይህ ነው። ክርን መደገፍን የተማረ ሰውነት አብሮ መቁረስንም መማር ይችላል፤ ጉርሻን የፈጠርን ሕዝብ ነን።

አክስቴ የጨጓራውን መድኃኒት ጨረሰችው። ለውጥ ስላላየን በጥር ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ሄድን። እዚያ በዕድሜ ጠና ያለች ነርስ ካርዱን አነበበች፣ የምርመራውን ውጤት አየች፣ ከዚያ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጋ ወንበሯን ወደ አክስቴ አስጠጋች።

«እናቴ፣ ሆድ የባሰዎት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

አክስቴ ቀና ብላ አየቻት። እጇን ከሆዷ ላይ አነሣችና ጉልበቷ ላይ አሳረፈችው።

«ከመስቀል ማግስት» አለች። «ልጄ የሄደ ለት።»